ከኦቪ (ኦቬችኪን) በኋላ የካፒታልስን ግራ መስመር ማን ይረከባል?

ባለታክሲው፦
ሰላም የዋሽንግተን የበረዶ ሆኪ ቡድን፣ የካፒታልስ ወዳጆች። ሆኪን የለመድኩት ጨዋታ ሲያልቅ ከምጭናቸው ደንበኞች ነው። ኦቬችኪን በ2025 895ኛዋን ጎል አግብቶ የግሬትዝኪን የሊጉን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ ሰበረ፣ እሰየው። ግን ሰውዬው 40 ሞላው! ከሜዳው ግራ ክብ ቆሞ ፓኳን (የሆኪዋን ጠፍጣፋ ኳስ) ሳያበርድ ሲጠልዛት ያየ ሰው ሌላ መስመር ተጫዋች እንዴት ያጠግበዋል? የቡድኑ ወጣቶችስ ደርሰዋል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ፕሮታስን ረሳኸው እንዴ? በ2024-25 30 ጎል አገባ እኮ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቀኙን ዊልሰን ይዞታል፣ በዚያው ዓመት 33 ጎል። ሌናርድም አለ፣ የ2023 ድራፍት (ቡድኖች ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት) 8ኛ ምርጫ።

አሌክስ ነዋሪ፦
እኔ ለሚሮሽኒቼንኮ አደላለሁ። በ18 ዓመቱ ካንሰር ይዞት ድኖ የተመለሰ ልጅ ነው። ክሪስታል ግን አያጓጓኝም። በኬሎውናና በስፖኬን በ2024-25 132 ነጥብ (ጎልና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ) ሰብስቧል፣ እሺ፤ የወጣቶች ሊግ ነው። መጀመሪያ ኸርሺ (የካፒታልስ ተጠባባቂ ቡድን) ላይ ትልልቆቹ ከግድግዳው ጋር ያላትሙት፣ ከዚያ እናወራለን።

ባለታክሲው፦
አንተ ደግሞ ጨካኝ ነህ! ክሪስታል ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው? እኔ ሌናርድን ይዣለሁ፤ ቡና እናስይዝ።