የማይጸጸት ተራኪ እንዴት ይጻፋል?

ልብ ወለድ የምትጽፉ ወይም አብዝታችሁ የምታነቡ፣ እባካችሁ አንድ ምክር ለግሱኝ።

በአንደኛ መደብ የሚተረክ አጭር ልብ ወለድ ይዣለሁ። ተራኪው የእድር ገንዘብ ያዥ ነው። ለሟች ጎረቤቱ ቤተሰብ የሚገባውን ገንዘብ ይበላል፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ እየቆረጠመ ከመበለቲቱ ጋር ያለቅሳል። ልቅሶውም ከልቡ ነው! አይጸጸትም፣ አይያዝም። እኔን የሳበኝ ይኸው ነው።

ችግሩ፣ ጥቂት ገጾች እንደሄድኩ ብዕሬ ወደ ስብከት ይዞራል። ወይ ሕልም ያስፈራራዋል፣ ወይ ልጁ ይታመምበታል። ያንን ስሰርዝ ደግሞ አንባቢን ለማስደንገጥ ብቻ የተደረደረ ጭካኔ ይቀራል፤ እሱን እኔም አልወደውም።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ልብ ወለድ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ደግሜ አነበብኩ። ስብሐት ነውር የሚባለውን ቋንቋና የድሮውን የአዲስ አበባ መሸታ ሰፈር፣ የውቤ በረሃን ሌሊት ያለ ይሉኝታ ጽፏል፤ ሰዎቹ ግን ክፉዎች አይደሉም። የእኔ ጣጣ ሌላ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የታተመው የናቦኮቭ «ሎሊታ» ይቀርበኛል፤ እዚያ አንዲት ልጅ የሚደፍረው ተራኪ በቃላት ውበት ሊያታልለን ሲሞክር፣ ልጅቷ ሌሊት ሌሊት እንደምታለቅስ ከአፉ ያመልጠዋል።

እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የት ልክፈት? በሌሎች ገጸ ባሕርያት ንግግር ነው ወይስ ተራኪው ቸል ብሎ በሚያልፈው ዝርዝር? መበለቲቱ የእድሩን ደብተር አይታ ዝም ስትል፣ እሱ ዝምታዋን እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል። ይህ ይበቃል ወይስ አንባቢው አምኖት ያልፋል? ረቂቁን ለማየት ፈቃደኛ የሆነ ካለ እልካለሁ።