የጆርዳን ካርድ ልገዛ ነው፤ ሽፋኑ ግን አላማረኝም

ሰላም ወገኖች፣ ካርድ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

ከአሜሪካ የመጣ አንድ ሰውዬ ፍሊር የተባለው ካርድ አምራች በ1986 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን የማይክል ጆርዳንን ካርድ፣ ቁጥር 57ን፣ ሊሸጥልኝ ነው። ካርዶችን መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት ፒኤስኤ ከ10 8 ሰጥቶት በፕላስቲክ ሽፋን ታሽጓል። የተገናኘነው ፒያሳ፣ አንድ ቡና ቤት ነው። ሽፋኑ ውስጥ ባለችው የደረጃ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የምስክር ቁጥር እዚያው በስልኬ ፒኤስኤ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት፤ ካርዱም ደረጃውም ይገጥማል። ግን አስመሳዮች የእውነተኛ ካርድ ቁጥር ገልብጠው እንደሚለጥፉ ስለማውቅ ልቤ አላረፈም።

ያስጠረጠረኝ የሽፋኑ ጠርዝ ነው። ከታች በአንዱ ጥግ በኩል ነጣ፣ ደብዘዝ ብሏል። ሁለቱ ፕላስቲኮች በድምፅ ሞገድ ነው የሚበየዱት። ፈልቅቀው መልሰው ሲያጣብቁት ደግሞ ጠርዙ እንዲህ ይነጣል። ወይስ ሻንጣ ውስጥ ተፈትጎ ይሆን?

አንድ ሰዓት ሠሪ ማጉያውን አውሶኝ ነበር (ማኪያቶ ጋብዤው ነው)። ሥዕሉ ላይ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች አየሁ፤ እሱ ደህና ነው። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን ነጥብ የሌለበት ድፍን መሆን አለበት። ፕላስቲኩ እያንጸባረቀ መለየት አቃተኝ።

ዋጋው ደግሞ አሜሪካ ከሚሸጥበት ግማሽ አይሞላም። ሰውዬው «እስከ ቅዳሜ ወስን» ብሎኛል። ችኮላውም አልጣመኝም።

ያልተነካ የፒኤስኤ ሽፋን ያለው ሰው አለ? ጠርዙንና የደረጃ ወረቀቷን ጽሑፍ ጎን ለጎን ላስተያይ። አራት ኪሎም ሆነ ስታዲየም አካባቢ ካላችሁ እኔ እመጣለሁ። ሽፋኑን ሳልሰብር የማይበት ሌላ ዘዴ ካለም ንገሩኝ።