«ለጎንደር ኖርማል ነው»፦ ቆሞ የሚቀላ የሞተር ቱቦ

ባለ 150ው፦
ትናንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ጋራዥ የሰጠኝ መልስ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሞተሬ ስትሄድ ደህና ናት። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጣት፣ በዝቅተኛው ዙር እየሠራች) ሳቆማት ግን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ወደ ማርሚታው (ጭስ ማውጫው) የሚወርደው ቱቦ ይቀላል። ሲመሽ እንደ ፍም ነው የሚታየው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና «ከፍታው ነው፣ ለጎንደር ኖርማል ነው» አለኝ። እሳት የሚያስነሳውን ካንዴላ አልፈታም። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡሬተር አልነካም። ለማየቱ ግን አስከፈለኝ። ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሲወርድ ባቱ ቱቦውን ነክቶ ቆዳው ተላጧል። ገና ስምንት ዓመቱ ነው። እዚህ ከተማ የምትነዱ፣ የእናንተም እንዲህ ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
ልጁን እግዜር ይማረው። መካኒኩን ግን አትውቀሰው። የኔም ይቀላል። ሦስት ዓመት ነድቻታለሁ፣ ከአዘዞ ፒያሳ በቀን አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ አልጣለችኝም። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እነዚህ ሞተሮች ደግሞ የሚቀዘቅዙት በነፋስ ነው። ቆመህ ስታስነሳው በምን ይቀዝቅዝ? ሰውየው ልክ ነው፣ ለጎንደር ኖርማል ነው።

ፊዚክስ አስተማሪው፦
ከፍታን እንደ ማሳበቢያ መጠቀም ይብቃን። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ካርቡሬተር ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይደክማል። ቱቦን ቆሞ የሚያቀላው አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ቤንዚን ሲያንስና አየር ሲበዛ። መተማ ቆላ ላይ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ይጨሳል። ደባርቅ ላይ ቤንዚን የተቀነሰለት ሞተር መተማ ሲወርድ ይግላል። ስለዚህ ከፍታው ለመካኒኩ አይመሰክርለትም።

የአዘዞ ልጅ፦
እኔ ስለ ማቀዝቀዝ ነው ያወራሁት፣ አንተ ስለ ቤንዚን መለስክልኝ። ስስ አየር ብረት ያቀዘቅዛል ወይስ አያቀዘቅዝም?

ፊዚክስ አስተማሪው፦
ከወፍራሙ ያነሰ ያቀዘቅዛል፣ እሱን አልክድም። ግን ብረት በጨለማ እንኳ ለዓይን ቀይ ሆኖ እንዲታይ ከ500 ዲግሪ ማለፍ አለበት። ጭነት የሌለበት ሞተር አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ እዚያ ከደረሰ ወይ ድብልቁ ወይ እሳቱ ተበላሽቷል። «ለጎንደር ኖርማል» የሚባል የብረት ሕግ የለም።

የማራኪው መካኒክ፦
ሃያ ዓመት ሞተር ስፈታ ኖሬአለሁ። ለአንድ ሰው ስንፍና ሙያችንን በሙሉ አታንቋሽሹ። ባለ 150ው፣ ስማኝ ልጄ። ሞተሯ ሞቃ በሚኒሞ ቆማ ሳለች ቾኩን (አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) በትንሹ ሳብ አድርገው። ድምጿ ከፍ ካለና ከተረጋጋ ቤንዚን አንሷት ነበር ማለት ነው። ልትጠፋ ካለች ቤንዚን አላነሳትም። ይሄ አንድ ሳንቲም አያስወጣህም። አንሷት ከተገኘ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ጎማ እጠፍ አድርገህ እየው፤ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ይሰነጠቃል፣ ላይ ላዩን አያሳይም። ስንጥቁ ላይ ግራሶ (የማሽን ቅባት) ቀባ አድርግበት። ሚኒሞው ወዲያው ከተለወጠ በዚያ በኩል አየር ይሰርቃል። ጎማው ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው የሚኒሞዋ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍናለች። በሽቦ እንዳትጎረጉራት፣ ትሰፋለች። በቤንዚን አጥበህ በአየር ንፋት።

የወረፋ ሰው፦
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ቤንዚኑን ለምን ዘለሉት? ማደያው ሲደርቅ ሁላችንም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምንገዛውን እናውቃለን። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፤ ማርሚታው ውስጥ ገብቶ ይጨርሳል። መፈተሽ የሚፈልግ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ያድርግ። ንጹሑ ቶሎ ተኖ ወረቀቱ ይደርቃል። ላምባ ያለበት እንደ ቅባት ያለ ክብ ትቶ ይቀራል። እኔ ያን ክብ ባየሁ ቀን ጠርሙሱን ሳልጨርስ ደፍቼዋለሁ። ይሄ የመካኒክ ጥፋት ብቻ አይደለም፣ የከተማው ጉዳይ ነው።

የማራኪው መካኒክ፦
አልዘለልኩትም። ላምባ ቢሆን ዳገት ላይ ይታወቅ ነበር። ወደ ጎሃ ስትወጣ ታንኳኳለች? ትደክማለች?

ባለ 150ው፦
የለም ጋሼ። ዳገቱን እንደ ፈረስ ነው የምትወጣው። ወረቀቱንም አሁን ሞከርኩት፣ ደርቋል።

የአዘዞ ልጅ፦
እንግዲህ ዳገት እንደ ፈረስ ከወጣች ምኗ ታመመ? ልጁን ያቃጠለውም መቅላቱ አይደለም። 200 ዲግሪ የሞቀ ቱቦም ቆዳ ይልጣል። ይሄ የሞተር ሁሉ ጠባይ ነው። «ኖርማል» ማለት ይሄው ነው።

እህት ከሳሙና በር፦
ይሄ «ኖርማል» የምትሉት ቃል ነው ያናደደኝ። የኔም ባት ላይ ጠባሳ አለ፤ ገበያ ውዬ ስመለስ ስወርድ ነው ያገኘኝ። ሞተሩ ሲገዛ ቱቦው ላይ መከለያ ቆርቆሮ ነበረው። ልጆቹ ለውበት ብለው ይፈቱታል። የምንቃጠለው ቀሚስ የለበስን ሴቶችና ሕፃናት ነን። በቀኝ በኩል አታውርዱን፣ ቆርቆሮውን መልሱት። የልጁን እናት ደግሞ ንገርልኝ፤ እንደተቃጠለ ወዲያው ሃያ ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር መያዝ ነበር። የጥርስ ሳሙናም ቅቤም አይቀባም።

ባለ 150ው፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። የኔም ቆርቆሮ ቤት ተቀምጧል። ዛሬ ማታ አስረዋለሁ። እኛ ግን የጥርስ ሳሙና ቀብተንለት ነበር።

የፒያሳ ተመልካች፦
ወደ ቋንቋው ልግባ። ሚኒሞ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ... የጎንደር ሰው በአማርኛ መካኒክ መሆን አቃተው?

የማራኪው መካኒክ፦
እነዚህ ቃላት ከጣልያን ጋር የመጡ ናቸው። ጣልያን ጎንደር የተቀመጠው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ነው፣ ቃላቱ ግን እኛ ዘንድ ቀርተው አማርኛ ሆነዋል። እኔ ከጌታዬ የተማርኩት በነሱ ነው። ለተማሪዎቼም በነሱ ነው የማስተምረው። አሁን ወደ ቱቦው ተመለሱልኝ።

ፊዚክስ አስተማሪው፦
ጋሼ፣ ቾኩ ምንም ካልለወጠስ? ስለ ቫልቮላው (የሞተሩ የአየርና የጭስ በር) ማንሳት የለብንም?

የማራኪው መካኒክ፦
ጥሩ ጠየቅክ። ያኔ ሌሊቱን ታድር፣ ጠዋት በቅዝቃዜዋ የቫልቮላው ሬጅስትሮ (የክፍተቱ ልክ) ይታይ። የማስወጫው ቫልቮላ ክፍተቱ አንሶ ከጠበቀ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እሳት ሾልኮ ቱቦውን ያቀላል፣ ቫልቮላውንም ይበላዋል። የአዘዞው ልጅ፣ ዳገት ከወጣች ምኗ ታመመ ላልከው መልሴ ይሄ ነው። የጠበቀ ቫልቮላ ለጊዜው ሞተር አያቆምም። አንድ ቀን ኮምፕረሲዮኑ (እመቃው) ያልቅና ጠዋት አልነሳም ትላለች፤ ያኔ ቴስታታ ማውረድ ነው። እሳቱ ዘግይቶ ሲነሳም እንደዚያው ነው፤ ነዶ ሳያልቅ በሩ ይከፈታል።

የአዘዞ ልጅ፦
ለእርስዎ አክብሮት አለኝ። ግን ሦስት ዓመት ሠርታ ያበላችኝን ሞተር በሽተኛ ናት ሲሉብኝ ከበደኝ።

የወረፋ ሰው፦
ማንም ሞተርህን አልሰደበም። ማደያ ወረፋ ላይ ሳታጠፋ የምትቆመው አንተው ነህ እንጂ። ቆመን እናጥፋው ብዬ ስንቴ ለምኛችኋለሁ።

የአዘዞ ልጅ፦
ባጠፋው ወረፋው ሲንቀሳቀስ ማን ይጠብቀኛል? አንተ ትጠብቀኛለህ?

ባለ 150ው፦
ከግቢ ነው የምጽፈው። አሁን ሞቃ ሳለች ቾኩን ሳብኩት። ልትጠፋ ነው ብዬ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ድምጿ ከፍ አለና ቀጥ ብላ ቆመች። ጎማውን በባትሪ አየሁት፤ ላይ ላዩን ደህና ይመስላል፣ ከሥር ስጫነው ግን የጥፍር ያህል አፉን ከፈተ።

ፊዚክስ አስተማሪው፦
ይኸው! ከፍታው የት ሄደ?

የአዘዞ ልጅ፦
የሱ ጎማ ስለተሰነጠቀ የኔ ተሰነጠቀ ማለት አይደለም። ነገ ጠዋት ሳሞቃት ቾኩን እሞክራለሁ። ድምጿ ካልተለወጠ ቃሌን አልለውጥም፣ ለጎንደር ኖርማል ነው።

የማራኪው መካኒክ፦
ድምጿ ካልተለወጠ አሳድረህ በማግስቱ ሳታስነሳት ወደኔ ገፍተህ አምጣት። በቅዝቃዜዋ ቫልቮላዋን ልይልህ፤ ለማየቱ አላስከፍልህም።