ለአፍሪካ ዋንጫ የተመረጠ ልጅ ከውጭ ጥያቄ ቢመጣለት፣ ክለቡ ይልቀቀው ወይስ ይያዘው?

የታቦር ልጅ፦
ትናንት ማታ ፒያሳ ሻይ ቤት የጀመርነው ክርክር መብራት ጠፍቶ ሳያልቅ ተበታትነናልና እዚህ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ ጥያቄውን ልድገመው። አንድ የከተማችን ክለብ ተጫዋች ለአፍሪካ ዋንጫ ተመርጦ ሄደ እንበል። እዚያ ታየና ከውጭ ክለብ ጥያቄ መጣለት፤ ውሉ ግን አንድ ዓመት ይቀረዋል። ክለቡ በቀረበለት ዋጋ ይልቀቀው ወይስ «ውልህን ጨርስ» ይበለው? የከተማ ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የኳስ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን የግብር ከፋይ ሁሉ ጉዳይ ነው።

እኔ ይልቀቀው ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ሁለት ሰው ነው፤ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ። ሁለቱም የሐዋሳ ልጆች፣ ሁለቱም ከሐዋሳ ከተማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የሄዱ፣ ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በበቃው ቡድን ውስጥ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ሽመልስ ወደ ትሪፖሊው አል ኢትሃድ፣ ከዚያም ወደ ግብፅ ተሻግሮ በፔትሮጀትና በምስር አል ማቃሳ ዓመታት ኖረ። አዳነ በአገሩ ቀረ። ያ የደቡብ አፍሪካ ጥር ለአንዱ በር ሲከፍት ለሌላው ትዝታ ሆኖ ቀረ፤ በችሎታ ግን ማን ከማን ያንሳል?

ባለ ባጃጁ፦
ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ የደረስክበት ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚያው ውድድር በዛምቢያ ላይ ግቧን ያስቆጠረው አገሩ የቀረው አዳነ አይደለም እንዴ? እኔ ከአሞራ ገደል እስከ መናኸሪያ ቀኑን ሙሉ ሰው ስጭን እውላለሁ። አዳነ ሲባል ሽማግሌውም ሕፃኑም ያውቀዋል። ፔትሮጀት የት እንደሚገኝ ብትጠይቃቸው ግን ነዳጅ ማደያ ይመስላቸዋል። ደግሞስ ክለቡ ልጁን ከታች አሳድጎ፣ ወር በወር ከፍሎ፣ ሊጠቅመው ሲል ለባዕድ አስረክብ ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ገበሬ እንኳ በሬውን የሚሸጠው ካረሰበት በኋላ ነው።

የታቦር ልጅ፦
በሬ አልከው? ሰው እኮ ነው። ያውም የሥራ ዕድሜው ከአሥር ወይም ከአሥራ ሁለት ዓመት የማያልፍ ሰው።

ባለ ባጃጁ፦
ምሳሌ ነው፤ አትያዝብኝ።

ጋሼ መምህር፦
ልጆች፣ እስቲ ቀስ በሉ። ያንን የዛምቢያ ጨዋታ ከስምንት ጎረቤቶቼ ጋር በአንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን ነው ያየነው። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲስት ባለቤቴ የያዘችውን ሻይ ግማሹን ምንጣፉ ላይ ደፋችው፤ ምልክቱ እስከ ዛሬ አለ። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በአሥር ሰው ቀረን፣ ያውም ከዋንጫው ባለቤት ጋር። ከዕረፍት በፊት አገቡብን። ከዕረፍት መልስ አዳነ ሲያስቆጥር አንድ ጎረቤቴ በባዶ እግሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ሮጠ። አንድ ለአንድ ተለያየን። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ አራት፣ ናይጄሪያ ሁለት አገቡብንና ተመለስን፤ እሱን ማንም አያወራውም።

ወደ ነገሬ ልምጣ። ያ ቡድን እንደ ሳላዲን ካሉ ጥቂቶች በቀር ከአገር ውስጥ ሊግ የተመረጠ ነበር። ግብፅ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለሦስት ተከታታይ ጊዜ ዋንጫውን ስትወስድ የቡድኗ አጥንት የአህሊና የዛማሌክ ተጫዋች ነበር። ስለዚህ መፍትሔው ልጆቹን መበተን ሳይሆን ሊጉን ማጠንከር ነው ባይ ነኝ። ያየነውን አንድ ጥሩ አጥቂ ሁሉ የምንሸጥ ከሆነ፣ ስታዲየም የሚገባው ሰው ምን ሊያይ ነው?

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። የሚያመሰግኑት የግብፅ ሊግ ሳላዲንና ሽመልስ የሄዱበት ሊግ ነው። ልጆቻችን ጠንካራ ሊግ ይፈልጋሉ ካልን፣ ጠንካራው ሊግ ያለበት ይሂዱ እንጂ እዚህ እስኪጠነክር ዕድሜያቸውን ለምን ይገብሩ? እኛ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የፈቀደው ሜዳ አጥተን «የሜዳችንን» ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ስናደርግ የኖርን ሕዝብ ነን። በ2006 ዓ.ም. ወደዚያው ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ ወደሚሰለፉበት ወደ ቻን ሄደን ምን ሆንን? ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት፣ አንድም ግብ የለም።

በሌላ በኩል ኬፕ ቨርዴን ተመልከቱ። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ተጫዋቾቿ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጫወቱት በውጭ አገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ አንድ ለዜሮ አሸነፈችን፤ አሁን ደግሞ ለ2026 የዓለም ዋንጫ አልፋለች።

ከአዳማ፦
ጎረቤቶች ሆይ፣ ሳልጋበዝ ገባሁ። የካሜሩኑን ካነሳችሁ የእኛን ልጅ አትዝለሉት። ያውንዴ ላይ፣ በአዘጋጇ አገር ፊት፣ ገና በአራተኛው ደቂቃ መረብ የነካው በወቅቱ የአዳማ ከተማ አጥቂ የነበረው ዳዋ ሆቴሳ ነው። በኋላ አራት ለአንድ ተሸነፍን፤ ይሁን። ያን ማታ ግን አዳማ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አፍሪካን የገዛን መስሎን ነበር። የምለው ይህ ነው፤ ዓለም ለእንደዚያ ዓይነት ግብ የሚሰጠው ትኩረት ዕድሜው አጭር ነው። በዚያ ወር ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ወኪል፣ የተዘጋጀ ቪዲዮና የታወቀ ዋጋ ከሌለ፣ ግቡ ለልጅ ልጅ የሚተርኩት ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ባለ ባጃጁ፦
የአዳማው ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የሄዱትስ ምን አተረፉ? ጌታነህ ከበደ ከ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄደ፤ በውሰት ሌላ ክለብ ተሰጠ፤ ተመለሰ። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ አገር አስደንቆ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲደርስ ጉዳት ጊዜውን በላበት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመክረም እዚህ በየሳምንቱ መጫወት አይሻልም?

ዘጠኝ ቁጥር፦
ጌታነህን ለምን እንደ ከሰረ ትቆጥረዋለህ? ከተመለሰ በኋላ በ2014 ዓ.ም. አፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ ላይ የአቻነቷን ግብ ያስቆጠረው እሱ አይደለም? ሄዶ መመለስ ውርደት አይደለም። ጉዳትም ቢሆን አገር አይመርጥም፤ እኔ ጉልበቴን ያጣሁት እዚሁ በድንጋያማ ሜዳ ላይ ነው።

ሁላችሁም ስትከራከሩ የወንዶቹን ብቻ ነው የምታነሱት። ሎዛ አበራ በሐዋሳ ከተማም በአዳማ ከተማም ተጫውታለች፤ ሁለታችሁም ከተሞች ልትኮሩባት ይገባል። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ በማይበቁበት ዘመን፣ ማለትም የሚያሳያት ትልቅ መድረክ ሳይኖር፣ ስዊድን ሄደች፤ ቀጥሎ ማልታ በቢርኪርካራ ማልያ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነች፤ በኋላም አሜሪካ ገባች። ስለዚህ «ውድድሩ በር ይከፍታል» የሚለው ነገር ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። በሩን የሚከፍተው «ሂጂ» የሚል ሰው ነው። የእኔን ጊዜ አሠልጣኝ «ልሂድ?» ብዬ ስጠይቀው «ማን ሊያጥብልሽ ነው ልብስሽን?» ነበር ያለኝ። እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ እዚህስ ማን ያጥብልኝ ነበር?

ጋሼ መምህር፦
ልጄ፣ ይህንን በመስማቴ አዝናለሁ። የሎዛን ነገር አልመለስኩትም፤ ላስብበት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። በአንድ የሊግ ክለብ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ስሙን አልጠራም። ይልቀቀው፣ ይያዘው እያላችሁ የምትነጋገሩት ክለቡ የሚይዘው ነገር ያለው ይመስል ነው። የእኛ ተጫዋች ውል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። በፊፋ ደንብ ደግሞ ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። እናም «አንድ ዓመት ይቀረዋል» ማለት «ለመሸጥ የቀረው ጊዜ ስድስት ወር ነው» ማለት ነው። ከያዛችሁት በነጻ ይሄዳል። ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ በሬህ አርሶ አርሶ ገመዱን ራሱ ፈትቶ ነው የሚሄደው።

ከዚያ የባሰም አለ። አንድ ተጫዋችን የሌላ አገር ክለብ ይፈልገው ነበር። ደብዳቤው በኢሜይል መጣ። ኢሜይሉን የሚከፍተው ኃላፊ ፈቃድ ላይ ነበር። ሲመለስ አትሞ ለክፍላችን መራው፤ በስህተት ከካልሲና ከኳስ ግዥ መጠየቂያ ጋር አብሮ ፋይል ተደረገ። ለበጀት መዝጊያ ስናገላብጥ ወረቀቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የዝውውር መስኮቱ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልጁ ማንም እንዳልፈለገው አምኖ ተጫውቶ ጨረሰ። አልነገርኩትም። አሁን ሳስበው መንገር ነበረብኝ።

የታቦር ልጅ፦
እመቤቴ፣ ይህ ከሁላችን ክርክር ይበልጣል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
ልጨርስ። ተጫዋች በውል ላይ እያለ በገንዘብ ሲሸጥ፣ ከዋጋው 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመቱ ያሳደገው ክለብ ለአራቱ ዓመት ከጠቅላላ ዋጋው 1 በመቶ ይደርሰዋል። ልጁ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ 2 ሺህ ዶላር ነው፤ ለአንድ የሰፈር ክለብ የስንት ዓመት ኳስና ማልያ እንደሆነ እናንተው አስሉት። ውሉ አልቆ በነጻ ከሄደ ግን የዜሮ 5 በመቶ ዜሮ ነው። ዕድሜው ገና ከሆነ የማሠልጠኛ ካሳ የሚባል ሌላ መብት አለ፤ እሱንም የሚጠይቅ ማስረጃ ያለው ነው። ይህ ሁሉ እያለ እኛ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን አይሁን ስንጨቃጨቅ ከረምን። ወጪውን ቆጠርን፤ ገቢውን ማንም አልቆጠረም።

ባለ ባጃጁ፦
እሺ፣ በነጻ እንደሚሄድ አላወቅሁም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ይሸጥ። ግን ዋጋው ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ አለዚያ ባለሥልጣን ከወኪል ጋር ተሻርኮ በርካሽ ይሰጠዋል። ይህንን አልለውጥም።

ከአዳማ፦
በዚህ ከባለ ባጃጁ ጋር ነኝ። ብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ የመልቀቂያ ዋጋው የታወቀ ይሁን። ልጁም ያውቀዋል፣ ጠያቂውም ያውቀዋል፣ ግብር ከፋዩም ያውቀዋል።

ጋሼ መምህር፦
እኔ አሁንም ሊጉ ይቅደም ባይ ነኝ። ሁለትና ሦስት ዓመት አንድ ላይ ያልተጫወተ ቡድን ቡድን አይሆንም። ነገር ግን ረዘም ያለ ውል፣ ውሉ ውስጥም የተጻፈ ዋጋ ካለ አልቃወምም። ልጁ እንደ ባሪያ ተይዞ ይቅር አላልኩም፤ እንደዚያ ተብሎ እንዳይወራብኝ።

የፕሮጀክት አሠልጣኝ፦
ሒሳብ ሠራተኛዋ «ማስረጃ ያለው» ያለችው ነገር እንቅልፍ ነሳኝና ተነሥቼ ሣጥኔን ፈተሽኩ። ታዳጊ ፕሮጀክት ይዤ ለአሥራ አራት ዓመት ሠልጥኛለሁ፤ ማለቴ አሠልጥኛለሁ፤ ብዙውን ግን የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ያለኝ ማስረጃ አምስት ባለ ሃምሳ ሉህ ደብተር ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ መጣ፣ ቀረ፣ ጫማ አለው፣ ጫማ የለውም። የልደት ቀን ዓምድ አለኝ፤ ግማሹ ባዶ ነው፤ ግማሹ «መስከረም 1» ነው፤ እናቶቹ ሲጠየቁ ሁሉም መስከረም አንድ ይላሉ። አንደኛው ደብተር ጠርዙ ረጥቦ ቀለሙ ፈስሷል፤ ከእነዚያ ልጆች መካከል ሁለቱ አሁን በሊግ ክለብ ውስጥ ይጫወታሉ። አንዱ ነገ ተመርጦ ቢሄድና ቢሸጥ እኔ ምን ይዤ ነው «አሳድጌው ነበር» የምለው? ፕሮጀክቱ ራሱ የተመዘገበ ክለብ አይደለም።

ዘጠኝ ቁጥር፦
ጋሼ፣ ሴቶች ነበሩ በደብተሩ ውስጥ?

የፕሮጀክት አሠልጣኝ፦
ሦስት ነበሩ። አንዷ «ጫማ አላት» የሚል አለበት፤ በትልቁ ነው የጻፍኩት፣ ደስ ብሎኝ ይመስለኛል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦
አቶ አሠልጣኝ፣ ላለፈው ብዙ መድረስ አይቻልም። አሁን ያሉትን ልጆች ግን በክለብ ስም፣ በየዓመቱ፣ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ማስገባት ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሮቹን ይዘውልኝ ይምጡ፤ ኮምፒውተር ላይ እገለብጣቸዋለሁ። የረጠበውን በፀሐይ አያድርቁት፤ ቀለሙ ይጠፋል፤ በወረቀት መካከል አድርገው ይጫኑት።

የፕሮጀክት አሠልጣኝ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቤት ቁጥሮቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ብዙው ተቀይሯል።

ባለ ባጃጁ፦
የድሮውን ሰፈር ሁሉ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ አሠልጣኙን እኔ አመጣቸዋለሁ፤ ሂሳብ አልቀበልም። የአዳማው ደግሞ ስለ ዳዋ ግብ ከዚህ በላይ አያውራ።