የቲቢ መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ ወንድሜ ግን ሊያቋርጠው ነው

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ
ጤና ይስጥልኝ። በግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኛ የሆነው ታናሽ ወንድሜ የሳንባ ቲቢ ተገኝቶበት መድኃኒት ከጀመረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ሳሉ ስለቀለለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደ ቁጥር የሚቀርበትን የቀን ሒሳብና የታክሲ ወጪውን እያሰበ «ድኛለሁ፣ ይበቃኛል» ማለት ጀምሯል። ከሦስት ደባሎቹ ጋር በአንዲት ክፍል ቢኖርም ለማንም አልተናገረም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነርስ
ሳል የሚቀለው ባክቴሪያው ከሰውነት ከመጥፋቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ደግሞ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ይወሰዳሉ። አሁን ቢያቋርጥ ሊያገረሽበት፣ ከዚያም አልፎ መድኃኒት ወደ ተላመደ ቲቢ ሊለወጥበት ይችላል፤ የዚህኛው ሕክምና እጅግ ስለሚከብድ ከሥራ የሚያርቀውም በዚያው መጠን ነው። የቸገረው ርቀቱና ሰዓቱ ከሆነ ለቲቢ ክፍሉ ባለሙያ በግልጽ ይንገር፤ ለሥራው ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ በዝውውር ወረቀት መዛወር ይችላል።

መልስ፦ ታክሜ የዳንኩ፣ ከአቃቂ
እኔን ያስቸገረኝ ከኪኒኑ ይልቅ ረሃቡ ነበር። ሰውነት ሲያገግም ምግብ አብዝቶ ይጠይቃል፤ ገቢ የሚጎድለውም በዚያው ሰሞን ነው። የሚረዱት ከሆነ ጥሬ ገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል ቢያስገቡለት ይሻላል፤ ጥሬ ገንዘብ መጀመሪያ የሚሄደው ለቤት ኪራይ ነውና። ሽንቱ ብርቱካንማ ቢሆን ግን አይደንግጥ፣ ከሪፋምፒሲኑ ነው።

መልስ፦ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ
የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ያወጣው ወጪና ያጣው ገቢ ተደምሮ ከዓመት ገቢው 20 በመቶ ሲያልፍ ከአቅም በላይ የሆነ ወጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። የቀረ የቀን ሒሳብም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ወንድምዎን በስንፍና ከመውቀስዎ በፊት የሚቀርበትን ገቢ አብራችሁ አስሉና ቤተሰቡ የትኛውን ክፍተት መሸፈን እንደሚችል ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ከኮዬ ፈጬ
አመሰግናለሁ። ደባሎቹስ?

መልስ፦ ነርስ
ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ባይታይባቸውም ይመርመሩ። ለእነርሱ መናገር ከከበደው በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ማድረግ ይቻላል። በግቢው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አብሯቸው የሚውል ከሆነ፣ የመከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሳይዘገይ ይታይ። የክፍሉም መስኮት ቀን ቀን ክፍት ይሁን።