ለአንድ ቀን የተራራ ወፍ እይታ፦ የቱን መኪና ልከራይ፣ የቱን ባይኖኩላር ልያዝ?

ወፍ ለማየት ተራራ ላይ ወዳለ ፓርክ ደርሶ መልስ የምትሄዱ ከሆነ እኔ የምጠቁማችሁ መኪና ከነሹፌሩ መከራየትን ነው። ራስ መንዳት ይረክሳል፣ ልክ ነው። ግን የሚነዳ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ሆኖ ገደሉ አናት ላይ ንስር መፈለግ ደግሞ አደጋ ነው። በዚያ ላይ ሌሊት የተነሳ ሰው ማታ ቁልቁለቱን ባይነዳ ይሻላል።

የቤት መኪና ወይስ ፎር ዊል? መንገዱ አስፋልት ወይም ደህና ጠጠር ከሆነ የቤት መኪና ይበቃል፤ ኮረኮንች ከሆነ ወይም ዝናብ ካለ ግን ከፍ ያለውን ያዙ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው ትንሽ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አራት ሰው ከጫናችሁበት ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስትንፏቀቁ ያ ምርጡ የጠዋት ሰዓት ያልፋችኋል። የኪሎ ሜትር ገደቡንና ነዳጁ በማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስኮርታ ጎማና ክሪክ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፣ መስኮቶቹም መከፈታቸውን ሞክሩ።

የመስኮቱ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብዙ ወፎች በእግሩ ከሚጠጋቸው ሰው ይሸሻሉ፣ የቆመ መኪና ግን ያን ያህል አያስደነግጣቸውም። ሹፌሩ ሞተሩን ያጥፋ፣ አለበለዚያ ንዝረቱ እይታውን ያንቀጠቅጠዋል። የተጠቀለለ ሹራብ መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ክንዳችሁን አስደግፉና ጠብቁ። ድንጋይ ላይ ያረፈችው ወፍ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ስታደርግ፣ በምንቃሯ የያዘችው ትል ሲንፈራገጥ ሁሉ ይታያችኋል።

ባይኖኩላር ላይ የኔ ምርጫ 8 በ42 ነው። 8 ማለት ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 በ42 የበለጠ ያቀርባል፣ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም በአብዛኛው ጠበብ ይላል፣ ስለዚህ ቅጠል ውስጥ የምትዘል ትንሽ ወፍ ቶሎ ትጠፋችኋለች። ከሸለቆ ማዶ ያሉ አሞራዎችን ብቻ ለሚያይ ግን 10ሩ ይሻለዋል። ኪስ የሚገባው 8 በ25 ለመያዝ ቢመችም ንጋት ላይ ይጨልማል፣ እኔ አልመክረውም።

ከአፕ ደግሞ ኢበርድና መርሊን ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኢበርድ ከመሄዳችሁ በፊት ሰሞኑን እዚያ ምን ምን ወፍ እንደታየ ለማወቅ ነው፣ መርሊን እዚያው ሆናችሁ ለመለየት። ተራራ ላይ ኔትወርክ ስለማይታመን የመርሊንን የአካባቢውን ወፎች ጥቅል ቤት ሳላችሁ አውርዱት። መርሊን የወፍ ድምፅ ሰምቶ የነገራችሁን ግን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመዝግቡት፣ ይሳሳታል። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ መጥራትን ተዉት፣ በተለይ በመራቢያ ወቅት ይረብሻቸዋል።

የፓርኩ በር ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠይቃችሁ ከንጋቱ ጋር ለመድረስ ሞክሩ። ዘማሪ ወፎች ያኔ ነው የሚንጫጩት። ጃኬት እንዳትረሱ፣ በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ንስርና ጥንብ አንሳ ግን ፀሐይዋ መሬቱን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ነው የሚያንዣብቡት፣ ስለዚህ ከሹፌሩ ጋር የመመለሻ ሰዓት ስትስማሙ ቢያንስ ከሰዓት 9 ሰዓት አድርጉት።