በልጅ መቃብር ላይ ዛፍ ይተከል ወይስ ይነቀል? የድሬዳዋ ምእመናን ክርክር

የከዚራዋ እናት፦ ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነኝና ልጀምር። ልጄን ከቀበርኩ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ስድስት ዓመቷ ነበር። በመቃብሯ ላይ ሲሚንቶ ከማስደርግ ብዬ ኒም ተከልኩ። አሁን «አድባር ልታደርገው ነው፣ ይነቀል» ተብሎ ጉዳዩ ለሰበካ ጉባኤ ቀርቧል። እኔ ዛፉን ቅቤ አልቀባሁትም፣ ቡናም አልረጨሁለትም። ከኪዳን በፊት ጀሪካኔን ይዤ እሄዳለሁ። ላጠጣው ጎንበስ ስል «አባታችን ሆይ» ይወጣልኛል። ቤት ውስጥ ለወራት አልወጣ ብሎኝ ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልብሽን አልጠራጠርም። ግን ዛሬ አንቺ ውኃ ታጠጪያለሽ፣ ነገ ሌላዋ ጨርቅ ታስርበታለች፣ ቆይቶ ስለት የሚሳልበት ይመጣል። ዛፍ ቅቤ መቀባት በአገራችን የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኢዮብም በምዕራፍ 14 ዛፍ ቢቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ሰው ግን ይሞታል ይላል። የዛፍን ተስፋና የሰውን ተስፋ መጽሐፉ ራሱ ለይቶታል።

የሳቢያን ልጅ፦ መምህር፣ ኢዮብን እዚያ ላይ አያቁሙት። ምዕራፍ 19 ላይ የሚቤዠው ሕያው እንደሆነ ይናገራል። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ትንሣኤን ሲያስረዳ ምሳሌ ያደረገው ዘርን ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 እመቤታችን ልጇን አዝላ የተሰደደችበትን የምናስበው በማኅሌተ ጽጌ፣ በአበባ ስም አይደለም? በሰሜኑ ደጋ አገር በቀል ዛፍ ተርፎ የሚታየው በብዛት በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። አባቶች ጥዱንና ወይራውን አድባር ይሆናል ብለው አልነቀሉትም።

የመቃብር ቦታ ጠባቂ፦ ሥሩ የጎረቤት መቃብር ያነሣል። ቦታውም ጠቧል። ይህንንም አስቡበት።

የደቻቱ አባት፦ ተፈጥሮ ያጽናናል ሲባል መስማት ያቅተኛል። በ1998 ክረምት ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ላይ ነው፣ እኛ ታች ተኝተናል። ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አልተገኘም። ሰማይ ሲጠቁር ዛሬም ከአልጋዬ እነሣለሁ። ራሔል ስለ ልጆቿ አለቀሰች፣ መጽናናትም አልወደደችም ተብሎ ተጽፏል። ወንጌሉ አልገሠጻትም። እኔንም ቅጠል እያሳያችሁ ተጽናና አትበሉኝ።

የከዚራዋ እናት፦ ጋሼ፣ እርስዎን ተጽናኑ የምልበት አፍ የለኝም። ተፈጥሮ ቸር ነው ማለቴም አይደለም። ልጄን የነጠቀኝ ወባ ነው፤ ትንኟም ፍጥረት ናት። ኒሙ ለምን እንደሞተች አላስረዳኝም። ያስረዳኝ ሰው ነው። «ለበጎ ነው» አሉኝ፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አሉኝ። ዛፉ ዝም አለኝ። በሚያዝያ ሙቀት ቅጠሉ ሲጠወልግ ውኃ ጨመርኩለት። ፀጉሯን ይሠራ የነበረው፣ ልብሷን ያጥብ የነበረው እጄ ሥራ ፈቶ ነበር፤ ለእሷ የሚሠራው አንድ ነገር አገኘ። እግዚአብሔር በዚያች ሰዓት አብሮኝ እንዳለ የማውቀው ሌላ ማስረጃ ኖሮኝ አይደለም። እጄ ሲንቀሳቀስ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ነገር ግን ሰበካ ጉባኤው የሚወስነው ለአንቺ ብቻ አይደለም፣ ከአንቺ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ነው። ጨርቅና ስለት በግልጽ ይከልከል፣ ዛፉ ይቆይ ቢባል አልቃወምም።

የደቻቱ አባት፦ እኔን ከደጋፊዎቹ አትቁጠሩኝ። ሐሳቤን አልቀየርኩም። ብቻ ልጄ፣ በበጋ ቧንቧው ሲቋረጥ ከየት ታመጪለታለሽ? እኔ ቤት በርሜል አለ።

የከዚራዋ እናት፦ ሰኞና ሐሙስ ነው የማጠጣው፣ ጋሼ። በጠዋት።